ወለጠ፣ ለወጠ፣ ልዋጭ!

«ለወጠ» የሚናገረውን ነገር በራሱ ላይ የፈጸመ ቃል ነው። ግዕዙ «ወለጠ» ነው። አማርኛ ሲወርሰው ወ እና ለ ቦታ ተለዋወጡና «ለወጠ» ሆነ። ሽማግሌ አልተቀመጠ፣ ውል አልተጻፈ፣ ጭማሪ የጠየቀም የለም። ወ ወደ መሀል ገባ፣ ለ ወደ ፊት ወጣ፣ ጠ እንደ ምስክር ዳር ቆሞ ተመለከተ።

የጥንቱን አሰላለፍ ማየት የሚፈልግ ሰው የልጁን የሰዋስው ደብተር ይግለጥ። «ተውላጠ ስም» ውስጥ ወ ዛሬም ከለ ቀድሞ ቆሟል። ቤተ ክህነትም ቃል ሥጋ የሆነበትን ምሥጢር ስታስተምር «ያለ ውላጤ» ትላለች፤ ሳይለወጥ ማለቷ ነው። አለመለወጥን ባልተለወጠው ቃል መናገር እንግዲህ የሊቃውንት ወግ ነው። እኛ ተራዎቹ በተለወጠው እንነጋገር።

ቃሉ ይገላበጥ እንጂ ሥራው የቆየ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ሰዎች ሳሱ ከሚባል አገር ወርቅ እንዴት ያመጡ እንደነበር ጽፏል። የንጉሡ መልእክተኞች በአገው ገዥ በኩል፣ በየሁለት ዓመቱ፣ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይወርዳሉ። ሲደርሱ በእሾህ ትልቅ አጥር ያጥራሉ፣ በሬውን ያርዳሉ፣ ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር እሾሁ ላይ ዘርግተው ዘወር ይላሉ። የአገሩ ሰው ይመጣና በወደደው ዕቃ ላይ አተር የሚያህል ወርቅ አስቀምጦ ይሄዳል። ባለሥጋው ተመልሶ ያያል። ከበቃው ወርቁን ያነሣል፤ ካልበቃው ዝም ብሎ ይተወዋል። ያኛው ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። በመካከላቸው አንድ ቃል አይወጣም፤ ቋንቋቸው ለየቅል ነበርና፣ አስተርጓሚም አይገኝም። ደላላ የሌለበት ገበያ በታሪካችን አንዴ ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ አሞሌ መጣ። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል የሚወጣው ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ፣ ገንዘባችን ነበር። ወጥ የሚያጣፍጥ ገንዘብ! ዝናብ ካገኘው ግን ሀብት እየታየ ይሟሟል። ዛሬ ገንዘባችን ዝናብ ሳይነካውም ይሟሟል፤ ወጥ ግን አያጣፍጥም።

የሳሱን ገበያ በዓይኔ አይቻለሁ ብል አትመኑኝ፤ እናቴንና ልዋጩን ግን አይቻለሁ። ልዋጭ የአዲስ አበባ ሰው ሊነገረው የሚገባ ነገር አይደለም። በትከሻው ሳፋ፣ ባልዲና ጆግ ደራርቦ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ በየመንደሩ ይዞራል፤ ያረጀ ልብስና ጫማ ወስዶ አዲስ ፕላስቲክ ይሰጣል። (ከቆራሌው ጋር የሚያምታቱት አሉ። ቆራሌው «ቆርቆሮ ያለው!» የሚለው ጩኸት በሩጫ ብዛት ያጠረ ስም ነው፤ እሱ ይገዛል፣ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። ልዋጭ ኪሱ ውስጥ እጁን አይከትም።)

እናቴ ከቁም ሳጥን ኮት ይዛ ወጣች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ክርኑ ተበልቷል» አለ ልዋጩ።

«ሲሠራበት ኖሮ ነዋ! ያንተ ሳፋ ምን ሠርቶ ተጣመመ?»

«ፀሐይ ነው እናቴ፤ ውሃ ሲገባበት ይስተካከላል።»

«ኮቱም ሰው ሲገባበት ይስተካከላል።»

«እሺ ሳፋውን ልስጥሽ።»

«ጆጉንም ጨምር።»

«ጆጉንማ ብሰጥሽ ከሰርኩ!»

ሸክሙን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። እናቴም ኮቱን አጥፋ ወደ ቤት ገባች። ሁለቱም እንደሚመለሱ ያውቃሉ። ከሳሱ የሚለየው ሰፈሩ በሙሉ በየአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ፍርድ መስጠቱ ብቻ ነው። «እትዬ፣ እንዳትቀበዪው! ለእኔ ጆግ ጨምሮልኛል!» የሚል ድምፅ ከጎረቤት ተሰማ። ልዋጩ አቀርቅሮ ተመለሰ። ሳፋና ጆግ ሰጠ፣ ኮቱን ወሰደ።

ኮቱ የአባቴ ነው። አባቴ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበር። ማታ በአዲሱ ሳፋ እግሩን እየታጠበ «ሳፋውስ ጥሩ ነው፤ ያ ኮቴ የት ገባ?» ሲል፣ እናቴ ውሃውን በአዲሱ ጆግ እየጨመረችለት «እግርህን ዘርጋ» አለችው።

በዓለም ላይ እንደዚህ ፍትሐዊ ገበያ ያለ አይመስለኝም። ልዋጩ ኮት፣ እናቴ ሳፋ፣ አባቴም ንጹሕ እግር አግኝቷል። እንዲያውም «ልዋጭ» ማለት ዕቃውም ነው፤ «በልዋጩ ምን ትሰጠኛለህ?» እንላለን። ሰውየው ስሙን ከሸክሙ ወስዷል።

ቃሉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመድ አፍርቷል። ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ቀለበት እንለዋወጣለን፣ ለመኪና መለዋወጫ ፍለጋ እንንከራተታለን። ቅር የሚለኝ የዜናው ነው፤ «በሁለቱ ወገኖች መካከል የተኩስ ልውውጥ ተካሄደ» ሲባል እሰማለሁ። ልውውጥ እኮ ሁለቱም የጎደላቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሲገቡ ነው። ጥይትን መርጦ፣ ተከራክሮ፣ «ጆግ ጨምር» ብሎ የሚቀበል ሰው አላየሁም። ዜና አንባቢዎች ሆይ፣ ተኩሱን «ተኩስ» ብቻ በሉት፤ «ልውውጥ»ን ለልዋጩና ለእናቶቻችን ተዉላቸው።