ዳንቴል የለበሰ ማሽን

መካነ ሰላም ላይ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ካላችሁ፣ ጥሩ ቡፌ አላችሁ ማለት ነው። መብራት ሲመጣ ውኃ ይሄዳል፤ ሁለቱ የተገናኙ ቀን ቺንጋው ይበጠሳል። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ማሽኑን ያይና «ዕቃው ደሴ ይጠየቅ» ይላል። ደሴ ወደ መርካቶ ይመራል፤ መርካቶ ደግሞ «ሞዴሉ አልፎበታል፣ ምናለሽ ተራ ሞክሩ» ይላል። ቺንጋው ሲደርስ ኩሽኔታው ይጮኻል። ኩሽኔታው ሲቀየር ውኃ አልገባም ይላል፦ ብዙው ማሽን ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ 3 ሜትር ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ገደማ ነው። (ሻጩ ያስረዳን ስለ ፕሮግራሞቹ ብዛት ብቻ ነበር።)

ልብስ የሚታጠብበት እንዶድ ግን ፕሮግራም የለውም፤ መለዋወጫም አይጠይቅም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አግኝተዋል። የኛ ማሽን እስካሁን የገደለው ስታብላይዘሩን ነው።