ለልጅዎ የሚመጥን መጽሐፍ

የአዲስ አበባ አባት ለልጁ መጽሐፍ ሲገዛ መጀመሪያ በእጁ ይመዝነዋል። ቀለል ካለው «ይሄማ ሥዕል ብቻ ነው!» ብሎ ይመልሰዋል። ሥዕል እኮ ልጅ ያሰንፋል። ነገሩ የገባው ሻጭ ወፈር ያለውን ያወርዳል፤ ሽፋኑ ላይ «ከ9 ዓመት በላይ» ይላል። አባት ፊቱ በራ። ልጁ ገና ስድስት ዓመቱ ነዋ! ሦስት ዓመት በነጻ አተረፈ።

መምህራን የአምስት ጣት ዘዴ የሚሉት አለ፦ ልጁ አንድ ገጽ ያነባል፣ ያላወቀው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት ያነሳል፣ አምስቱም ከተነሱ መጽሐፉ ከብዶታል ማለት ነው። የእኛ ልጅ ሁለተኛው መስመር ላይ ጣት አለቀበት። አባት ግን «ጎበዝ! በሌላኛው እጅህ ቀጥል» ይለዋል።

የኔታም ቢሆኑ ርኅሩኅ ነበሩ አይባልም፤ ሕፃኑን ዳዊት ያስደግሙታል፣ ያውም በግዕዝ። ነገር ግን ፊደሉን፣ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንሱን ሳያጠራ ዳዊት ጋ አያደርሱትም። የዛሬው አባት 231ዱን ሆሄ ለይቶ ያልጨረሰ ልጁን ከሀዲስ ዓለማየሁ ጋር ሊያስተዋውቀው ይቸኩላል። ልጁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚለውን ርዕስ እየተንተባተበ ሲያነብ በስልክ ይቀረጻል፤ ቪዲዮው አሜሪካ ላለችው አክስት ይላካል፤ መጽሐፉ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ እንግዳ በሚያየው በኩል ይቀመጣል።

ልጁ ግን ከጎረቤት የተዋሰውን የጦጣ ተረት፣ ሥዕሉን በጣቱ እየተከተለ፣ ብቻውን አንብቦ ጨረሰ። ደግሞም ሳቀ። አባት ደርሶ ነጠቀው፦ «አታፍርም፣ የሕፃን መጽሐፍ ስታነብ?»