ሕጉ ካርታው ከወደቀ በኋላ ይነገራል

ጎንደር የሊቃውንት አገር መሆኗን የሚጠራጠር ካለ ከሰዓት በኋላ ማራኪ አካባቢ ካሉት ጀበና ቡና ቤቶች አንዱ ጎራ ብሎ ጥግ ይያዝ። የዘመናችን ሊቃውንት እዚያ ናቸው። መጽሐፋቸው ስልክ፣ ጉባኤያቸው በርጩማ ነው። የሚተረጉሙት ደግሞ ገና ገበያ ያልወጣ፣ «በቅርቡ ይመጣል» ተብሎ ማስታወቂያው ብቻ የተለቀቀ አንድ የስልት ካርታ ጨዋታ ነው። ማስታወቂያው ላይ ጥቂት ካርታዎች ይታያሉ፤ የአንዱን ጽሑፍ ግማሽ የያዘው ሰው አውራ ጣት ሸፍኖታል። ክርክሩ በሙሉ ያለው ታዲያ አውራ ጣቱ ሥር ነው።

የሚነበበው ክፍል «ይህ ካርታ ሲወድቅ ተጋጣሚ ተራውን ያጣል» ይላል። የቀረውን የሚያውቀው ጣቱ ብቻ ነው። ሊቅ ግን በዚህ አይገታም። አንዱ «አንድ ዙር ብቻ ነው የሚያጣው» ብሎ ጀመረ። ሌላው ቀበል አድርጎ «አንድም፣ ካርታው ጠረጴዛ ላይ እስካለ ድረስ ያጣል» አለ። ሦስተኛው ሲኒውን አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አንድም፣ ተጋጣሚ የተባለው የተቀመጠው ሁሉ ነው፤ ጣዩ ራሱም ያጣል» ሲል ጉባኤው ጸጥ አለ። ማንም ሊጫወተው የማይችል ጨዋታ ተገኘ! ከዚህ ወዲያ ምን ምሥጢር አለ?

የጎንደር መምህራን ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው በትርጓሜ ሲለያዩ ከፊታቸው ንባብ ነበረ። ተማሪው ንባቡን ሲያደርስ፣ ቅኔውን ሲቆጥር ዓመታት ይፈጁበታል፤ «አንድም» ማለት የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እኛ ይህን አድካሚ ደረጃ በጥበብ ዘለልነው። ንባብ ቢኖር እኮ ትርጓሜያችንን ያጠብብብን ነበር። በምትኩ ከሁሉ የሚቀለውን የትርጓሜ ስልት ይዘናል፦ ሰውየው በእጁ ምን ካርታ እንደያዘ ካወቅህ ሕጉን እንዴት እንደሚፈታው ሳትሰማው ታውቃለህ።

ይህ ሊቅነት በአንድ ጀንበር አልተገኘም። የተማርነው ክሬዚ ከሚባለው የካርታ ጨዋታ ነው። ሁለት ቁጥር ሲወድቅ ተከታዩ ሁለት ካርታ ይስባል እንበል። በላዩ ሌላ ሁለት ደርቦ ቅጣቱን ወደሚቀጥለው ማሻገር ይቻላል ወይስ አይቻልም? ፒያሳ የሚቻለው አዘዞ ሲደርስ ነውር ይሆናል፤ ዳባት የጸደቀውን ደባርቅ ይሽረዋል። ቅጣቱ የደረሰበት ልጅ በእጁ ሌላ ሁለት ካለው «እኛ ሰፈር ይቻላል» ይላል፤ ከሌለው ያው ሰፈር በቅጽበት ሕጉን ያሻሽላል። ያ ሰፈር የት እንደሆነ አይጠየቅም። ከመበወዝ በፊት «ሕጋችን ምንድን ነው?» የሚልማ ሰርግ ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ የወጡን ዓይነት እንደሚጠይቅ እንግዳ ነው። ዓይን ይበዛበታል።

ፈረንጅም ከዚህ ጣጣ አልዳነም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ መርል ሮቢንስ የሚባል ፀጉር አስተካካይ በዚሁ በክሬዚ ሕግ ከልጁ ጋር ተጨቃጭቆ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1971 ኡኖን ፈጠረ። ምስኪን! ክርክር ለመሸሽ ሲል አዲስ ጨዋታ ፈጠረ፤ እኛ ብንሆን ጨዋታ ለመሸሽ አዲስ ክርክር እንፈጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የኡኖ ባለቤቶች አራት በሚያስስበው ካርታ ላይ ሁለት የሚያስስብ መደረብ እንደማይቻል ቢያስታውሱ፣ ተጫዋቹ ሕዝብ የገዛ ጨዋታቸውን እንደማያውቁ ነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው የካርታ ጨዋታ ደግሞ ሕጉን ከ200 ገጽ በላይ ጽፎ፣ በዚያም ላይ በትልልቅ ውድድሮቹ ዳኛ ያቆማል። ይህን ሁሉ ወረቀት ማን ያነባል? ድምፁ የጎላ አንድ ሰው ይበቃ አልነበር?

አሁን አንድ ሞጋች «አባቶቻችንስ ቢሆኑ ሰንጠረዥን በወረራ አይደል የሚጀምሩት?» ብሎ ይነሣል። እውነቱን ነው። በሰንጠረዥ፣ በጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ሰድደው መደቁንም ፈረሱንም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ጎንደር አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1860 ቆስሎ የሞተው እንግሊዛዊ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ይህን ጨዋታ ጽፎታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም ኡኖ በተፈጠረበት በዚያው በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ አሳትሟል። ወግ የነበረው ጨዋታ ነው። በብርቱዎቹ ጠጠሮች፣ በደር ወይም በፈረስ፣ መርታት ብዙም አያስከብርም፤ የሚመሰገነው በደካሞቹ፣ በተለይ በመደቅ፣ ንጉሡን የያዘ ነው። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይረታም። ወረራውም ቢሆን ልክ ነበረው፦ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲህ ተራ በተራ ነው። የእኛ ወረራ ግን የሚጀምረው ከተበላ በኋላ ነው።

ሙግትንም ቢሆን አያቶቻችን በነጻ አልተዉትም። በእሰጥ አገባ ችሎት የቆመ ተሟጋች ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳል፤ ከተረታ ይከፍላል። እኛ ውርርዱን ጥለን ጩኸቱን ወረስን። የሚከስረው ማን መሰላችሁ? በአንድ ሲኒ ቡና አመሻሹን ሙሉ በርጩማዎቿ የተያዙባት ቡና አፍይ ናት። ያን ዕለት ረከቦቱን እየወለወለች ጠየቀች።

«እናንተ ልጆች፣ ይሄ ጨዋታ መቼ ነው የምትጀምሩት?»

«እታለም፣ ገና አልወጣም እኮ።»

«ታዲያ በምኑ ነው የምትጣሉት?»

መልስ የሰጣት የለም። ሦስተኛው ሊቅ ብቻ «አንድም…» ብሎ ጀምሮ ዓይኗን ሲያይ ተወው።

ስለዚህ ወንድማለም፣ ሳጥኑ አንድ ቀን ጎንደር ከገባ መመሪያውን አውጥተህ ለእሷ ስጣት፤ ከመበወዛችሁ በፊት ጮክ ብላ ታንብብላችሁ። ከእናንተ መሀል ካርታ ያልያዘች እሷ ብቻ ናት። ከእሷ ጋር እሰጥ አገባ ልግጠም የሚል ካለ ግን መጀመሪያ የቡናውን ሂሳብ ይክፈል።