ሞተችብኝ

የእናቴን የሞት ምስክር ወረቀት ባጃጅ ላይ ረስቼ ወረድኩ። ለወራሽነት ማረጋገጫ ፍርድ ቤት ላመለክት ነበር። ሒሳብ ልከፍል ኪሴን ስፈትሽ ካኪውን ፖስታ መቀመጫው ላይ አኑሬው ኖሯል። ትዝ ያለኝ ባጃጁ ፒያሳን አልፎ ከተሰወረ በኋላ ነው። ሾፌሩ ቀጥሎ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ እንደሚጭን በስልክ ሲያወራ ሰምቼዋለሁና ወደ ሐይቁ ገሰገስኩ።

እዚያ የተሰለፈው ባጃጅ አንዱ ካንዱ አይለይም። በየመስኮቱ እያጎነበስኩ ጠየቅሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የቆሮሶ ዓሣ አንጀት ይሻማሉ፤ እኔ በመሃላቸው እመላለሳለሁ። ጉልበቴ ሲከዳኝ ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ አረፍ አልኩ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ወረቀት ጠፋብኝ» ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «እናቴ ሞተችብኝ» ነው። ከተቀበረች ሁለት ወር ሆኗታል፤ እስከዚያ ቀን ለጠየቀኝ ሁሉ «አርፋለች» ነበር የምለው።

«ውይ! አባትህስ?»

«እሱም የለም።»

«እንግዲህ ደሃ አደግ ሆንክ በለኛ» አሉ፣ ጀበናውን እያቃኑ።

ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ ልጆች አሉኝ። ደሃ አደግ በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ከመጻተኛና ከመበለት ጋር የሚጠራው ምስኪን ነው። ግእዙ እጓለ ማውታ ይላል፤ እጓል ልጅ ነው፣ ሰውንም እጓለ እመሕያው የሚያሰኘው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የቲም የሚሉት አባቱ የሞተበትን፣ ለአቅመ አዳም ያልደረሰውን ነው። «የሙት ልጅ» ሲባልም፣ «ወላጅ አልባ» ሲባልም ፊታችን ድቅን የሚለው ሕፃን ነው። ሽበት ያወጣው ሰውስ ምን ይባል? ለእሱ ስም አለመኖሩ በጣም ያሳዝነኝ ነበር።

ያን ቀን ግን መልሱን ከገዛ አፌ ሰማሁት። «ብኝ» ዕድሜ አይጠይቅም። የአምስት ዓመቱም የሰባ ዓመቱም እኩል «ሞተችብኝ» ይላል። ሞቱ የእሷ ነው፤ ጉዳቱ ማን ላይ እንደወደቀ የምትናገረው ያቺ ቅጥያ ናት። «አርፋለች» ውስጥ እኔ የለሁም።

ፖስታው አልተገኘም፤ ምትክ አወጣሁ። ሴትዮዋ ያን ቀን ሁለተኛውን ሲኒ ቀዱልኝ፤ ሒሳብ ስዘረጋ እጄን ጨብጠው መለሱት።