የኮርኒስ ድመትን ዕድሜ ልኳን የማስበርገጊያ ዘዴ

ኮርኒስዎ ውስጥ ድመት ወልዳለች። የልጆቿ ጩኸት እንቅልፍ ነስቶዎታል፤ አንዷን አውርደው ሊያላምዱ ቆርጠው ተነስተዋል። መልካም። ድመቷ የሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር ሶፋ ስር እንድትወሸቅ የሚከተለውን ሳያጓድሉ ይፈጽሙ።

ዕድሜዋን አይጠይቁ። ወይ ዓይኗ ሳይገለጥ ከእናቷ ጉያ ይንጠቋት፣ ወይ አራትና አምስት ወር እስኪሞላት ይቆዩና ያኔ ይያዟት። ድመት ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንቷ ባለው ጊዜ መሆኑን አይሊን ካርሽ የተባለች የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሳይታለች። እርስዎን ምን ገዶዎት! «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብለው ነገሩን ገና ሳይጀምሩ ዘግተውታል።

የመጀመሪያው ቀን ወሳኝ ነው። ጸጥ ያለች ጠባብ ክፍል፣ መደበቂያ የሚሆን ካርቶን፣ ውሃና አሮጌ ጨርቅ ብሎ ነገር የለም። እሑድ ይምረጡ። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ ሳለ ሳሎን መሃል ይልቀቋት። ልጆቹ ተሰልፈው በየተራ ይቀፏት። ጭራዋን የሚጎትተውን ልጅ «ተው» አይበሉት፤ «እየተጫወተ ነው» ይበሉ። እርስዎ ደግሞ ስልክዎን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግተው ይቅረጹ፣ መብራቱንም ያብሩ። ቲክቶክ ላይ የሚጠብቅዎ ሕዝብ አለ።

ጆሮዋን ጥላ፣ ጀርባዋን ቆልምማ «ፍስስ» ስትል «ሰይጣን አለባት!» ብለው ይጩኹ። ዓይን ዓይኗንም አፍጥጠው ይዩ። ከዚያ በማጅራቷ አንጠልጥለው ማን ጌታ እንደሆነ ያሳዩዋት። ኧረ የሰው ያለህ! ያቺ መዳፍ የማትሞላ ፍጥረት እርስዎን የምታየው ድንገት በሩን ሞልቶ እንደገባ ዝሆን ነው። «ፍስስ» ማለቷ ሌላ መሣሪያ ስለሌላት ነው። ፈርታ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም! ሰው እንዴት ከጨቅላ ጋር እልህ ይጋባል?

ወደ ምክራችን እንመለስ። በምግብ በኩል ሊያበላሹ የሚችሉት ብዙ ነው፣ ይጠቀሙበት። የላም ወተት በሰፊ ሳህን ይስጧት፤ የአብዛኛዎቹን ድመቶች ሆድ ስለሚያላላ ምንጣፉ ምስክር ይሆናል። ሁዳዴ ሲገባ 55ቱንም ቀን ከቤተሰቡ ጋር ሽሮ እየበላች ትጹም። ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ መሆኗን ለነፍስ አባትዎም አይንገሩ። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ሽንኩርቱ የበዛ የዶሮ ወጥ መረቅ ከነአጥንቱ ይገልብጡላት። ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል። «የእኛ ቤት ድመት ሁሉን ትበላ ነበር» የሚሉ አክስት አይጠፉም። ያቺ ድመት የት ደረሰች ብለው እንዳይጠይቋቸው።

ከሁሉም በላይ ምግቡን አስቀምጠው ቶሎ ይጥፉ። አንዳንድ ትዕግሥተኞች ጥቂት የተቀቀለ ሥጋ ይዘው ወለል ላይ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸውን ወደ ሌላ መልሰው፣ አልፎ አልፎ ቀስ ብለው ጨፈን ገለጥ እያደረጉ፣ በለሆሳስ እያወሩ። ሳህኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ራሳቸው ያስጠጋሉ። ከቀናት በኋላ ከማንኪያ ትልሳለች፣ ቀጥላ ከጣት፣ ከዚያ ጉንጯን ትታሻቸዋለች። እርስዎ ይህን አይሞክሩ። ድመቷ ልትወድዎ ትችላለች።

ለመጸዳጃዋ አሸዋ የሞላ ሳጥን አያስፈልግም፤ የአልጋው ስር ሰፊ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል መንከሷና መቧጨሯ አይቀርም። እዚህ ላይ ፌዙ ይቁም። ቁስሉ ላይ ቡና መነስነስ፣ ነጭ ሽንኩርት ማሸት ብሎ ነገር አይሠራም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ለማለት ይቻላል። ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ድመቷንም ሦስት ወር ሲሞላት ያስከትቡ።

ወደ ፌዛችን እንመለስ። አሁን ምክሩ ሁሉ በሚገባ ስለተፈጸመ ድመቷ ማንንም የማታስጠጋ ሆናለች። «ይቺ ደግሞ አትለምድም» ብለው ይፍረዱባት። ማዳበሪያ ውስጥ ከተው፣ አፉን አስረው፣ መኪና ላይ ጭነው ከማያውቁት ሰፈር ይድፏት፤ ስንቱ እንዲህ አድርጎ ገብቶ ይተኛ የለ! ሴት ድመት በ4 ወሯ ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ከሁለት ወር ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ብዙም ሳይቆይ የሌላ ሰው ኮርኒስ ውስጥ ትወልዳለች። ካልሞተች ነው እንግዲህ። እናቷ ዘንድ ብትቆይ ግን አይጥ ማደንና ከውሻ ማምለጥ ትማር ነበር።

ስለዚህ እባክዎ፣ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ወለል ላይ ዝም ብለው መቀመጥ የማይችሉ ከሆነ እጅዎን ወደ ኮርኒሱ አይስደዱ።