ፋኑ ሞቷል፣ ታሪፉ ግን በሕይወት አለ

“ሾፌር፣ ወንድሜ፣ ፋኑን ክፈተው እንጂ!”
“ተበላሽቷል።”
“ታሪፉስ አብሮ አልተበላሸም?”

ከሶዶ መናኸሪያ ወጥተን ወደ በዴሳ እየወረድን ነው። ወደ ብላቴ ቆላ በቀረብን ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል፤ ሚኒባሱ ግን መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው።

“እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ይክፈቱት።”
“ንፋስ ይመታኛል፣ ልጄ።”
“የሚነፍሰው ቢመታ እርስዎን ብቻ ነው፤ የማይነፍሰው ግን ሁላችንንም እየመታን ነው!”

ሾፌሩ መልስ አላጣም። “ጋዙ አልቆ ነው እንጂ ኤሲው ደህና ነበር። ለፋሲካ አስሞልቼው ነበር።”

ቤንዚን ነው እንዴ የሚያልቀው? የኤሲ ጋዝ ዝግ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የሚኖር ነው፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ማጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀባቸው፤ አረፋው ያበጠበት ላይ ሌባው ተገኘ። ቀዳዳውን ሳይደፍን፣ ውስጥ የገባውን አየርና እርጥበት በቫክዩም ሳያወጣ የሞላልህ ሰው የሸጠልህ ጋዝ ሳይሆን ቀጠሮ ነው።

“ኮምፕረሰሩም አይነሳም፤ ይቀየር ተብያለሁ።”

ቆይ፣ ቆይ! ጋዝ ሲያንስ ኮምፕረሰሩ እንዳይነሳ የሚከለክል የግፊት ማብሪያ አለ። ዘይቱ የሚዞረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ ያለ ጋዝ ቢሠራ ይነክሳል። ራሱን ጠብቆ ዝም ያለውን ለምን በቁሙ ትቀብረዋለህ?

“እሺ፣ ፋኑስ? 4 ላይ ብቻ ነው የሚነፋው። ሞተሩ ሞቷል አሉኝ።”

ሞተሩ ከሞተ 4 ላይ ማን ነው የሚነፋው? ከ1 እስከ 3 ኃይሉ የሚያልፈው በሬዚስተር ነው፤ 4 በቀጥታ ይሄዳል። የተቃጠለው ሬዚስተሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ፣ የንፋሱ መተላለፊያ ላይ ታገኘዋለህ፤ መዳፍ የማይሞላ፣ ጥምዝምዝ ሽቦው ጠቁሮ የተበጠሰ ዕቃ ነው። የሚያቀዘቅዘው ራሱ ፋኑ የሚነፋው ንፋስ ነውና፣ መኪናህ የአየር ፊልተር ካለው እግረ መንገድህን አውጥተህ አራግፈው። በዚህ መንገድ ቀይ አቧራ ከተደፈነ አዲሱም ይቃጠላል።

ፋኑ በሁሉም ቁጥር ዝም ካለ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን፣ ከዚያ ሶኬቶቹን እይ። ሞተሩን ኳ ኳ ስታደርገው የሚነሳ ከሆነ ካርቦኑ አልቋል።

“ፊውዙ ሲያስቸግረኝ ሽቦ አድርጌበታለሁ።”

ምን አደረግህ? ፊውዝ የሚቃጠለው እኮ መኪናው እንዳይቃጠል ነው! አሥራ ምናምን ሰው ጭነህ፣ በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን ይዘህ፣ በዚያች ሽቦ ትጫወታለህ? ዛሬ በዴሳ ስትደርስ፣ ምሳህን ሳትበላ አውልቃት።

“ኧረ ተወኝ! ኤሲ የባለሥልጣን ነው፤ ለእኛ ሀገር ምን ያደርጋል?”

ክረምት ላይ ሶዶን ዳሞታ ተራራ ጉም ሲያለብሳት፣ የተሳፋሪው ትንፋሽ ፓራብሬዛውን ሲጋርደው ምን እንደሚያደርግማ አይተኸዋል። ኤሲው ከአየሩ እርጥበቱን ያወጣል፣ ፋኑ ደረቁን አየር መስታወቱ ላይ ይነፋል፣ መንገዱ ይታይሃል። ያለ እነሱ አንዱ እጅህ መሪ ላይ፣ አንዱ እጅህ ጨርቅ ላይ ነው። ማርሹን ማን ሊቀይርልህ ነው፣ ረዳቱ?