ከሰኞ ጀምሮ

ቦሌ ያለው እንግዳችን የመጣው ሊያከሳን ነው። እኔ አላልኩም፤ ራሱ ነው የነገረን። ግቢውን በተከራየ ሰሞን ጎረቤቱን ቡና ጠርቶ የሥራውን ነገር ሲያስረዳን፣ «ብዙ ቤት የሚታመመው ከአቅሙ በላይ ስለሚበላ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለው ቤት ሆዱን እንዲያስገባ እመክራለሁ» አለ። ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም። ጢሙም በቅጡ አልተጋጠመም። ግን አማካሪ ነው፤ አማካሪ ደግሞ ከየት እንደመጣ እንጂ ዕድሜው ስንት እንደሆነ አይጠየቅም።

ምክሩ አጭር ነበር። ዘይት ቀንሱ። ስኳር ቀንሱ። ዳቦ አታብዙ። ሥጋ በዓመት በዓል ይበቃል። ለትንሹም ለትልቁም መኪና አትሳፈሩ፣ እግር የተሰጠን ልንሄድበት ነው። ጎረቤቱ እርስ በርሱ ተያየ። ምክሩ ከመምጣቱ በፊት ይህን ሁሉ ሲፈጽም ኖሯል፤ ጤና መሆኑን የነገረው ሰው ብቻ ነበር ያጣው። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ጤናው በዚሁ ከቀጠለማ አንድም ሰው አይተርፍ» ብለው መረቁት። መራቂ ናቸው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ።

የራሱን ጤና ግን የሚጀምረው ሁልጊዜ ከሰኞ ነው። እሑድ ማታ ሐሳቡ ይጸናል። ጫማው፣ የላብ ፎጣው፣ የልብ ምት የሚቆጥረው ሰዓት ወንበር ላይ ይሰደራሉ። ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ይገኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ መቀመጧን አእምሮው ከመጽሐፍ ያውቀዋል፤ ሳንባው የሚሰማው ግን ያኔ ነው። ደረጃውን አንዴ ይወጣና የቀረውን ለማክሰኞ ያሸጋሽገዋል። ሽግሽግ ሙያው ነው። ማክሰኞ ለሐሙስ፣ ሐሙስ ለሚቀጥለው ሰኞ፤ ወለዱ ግን ወገቡ ላይ ይታሰባል።

ጫማውን አይቶ አንድ ነገር ያለው የግቢው ዘበኛ ነው። የጫማው ዋጋ የስንት ወር ደመወዙ እንደሆነ በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ፣ «አበበ ቢቂላ እኮ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱም ዘበኛ ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። የኛው ዘበኛም በባዶ እግሩ ሊሮጥ ምንም ያህል አልቀረውም።

ሩጫው አልሆን ሲል ጾም ተያዘ። ጾሙን የሚያውጀው ስልኩ ነው። 16 ሰዓት እህል አይቀመስም፤ ከዚያ ስልኩ ሲጮህ ይበላል። ምግብ የሚያበስሉለት እትዬ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሴት ናቸውና የጾም ጓደኛ ያገኙ መሰላቸው። ኋላ ነው ነገሩ የገባቸው። ከአሥራ ስድስቱ ስምንቱን ተኝቶ ነው የሚጾመው። ቢራ ደግሞ ፈሳሽ ስለሆነ ጾም አይፈታም። «የኛ ለነፍስ ነው፤ የእርስዎ ለምንድን ነው፣ ሚስተር?» አሉት። «ለወገቤ» አለ። እትዬ አማተቡ።

በዚያው ሰሞን ነው ዘበኛውን ያስተዋለው። «አንተ እንዴት እንዲህ ቀጭን ሆንክ? ምስጢሩን ንገረኝ» አለው። (አንቱታን ያላስተማረው የአማርኛ መምህር ማን እንደሆነ እንጃ፤ ሰውዬው አባቱ ይሆናሉ።) ዘበኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ ዱሮም ወፍራም አልነበርኩም፤ እርስዎ ከመጡ ወዲህማ ጭራሽ አማረብኝ» አለው። ምስክር እንዲሆነውም ቀበቶውን ፈቶ አሳየው። ፋብሪካው ከበሳቸው ቀዳዳዎች ወዲያ ሊስትሮው በሚስማር የበሳቸው ሌሎች ተደርድረዋል፤ የመጨረሻው ገና አዲስ ነው። እንግዳው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምክሩ መሬት ወርዶ በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ሚዛን አመጣ። ከአገሩ በሻንጣ ይዞት የመጣ፣ ባለ መስታወት፣ ግራም ሳይቀር የሚናገር ሚዛን ነው። ዘበኛውን መዘነ፣ እትዬን መዘነ፣ የጎረቤቱን ልጆች አሰልፎ መዘነ። በወሩ ደግሞ መዘነ። ሁሉም ቀንሷል። አጨበጨበልን፤ እኛም ሲጨበጨብ አጨበጨብን። የቀበቶው ፎቶግራፍ ለአለቆቹ በላከው ሪፖርት ሽፋን ላይ ወጥቷል። ሰውዬው አይታይም፤ ቀዳዳዎቹ ግን አምረው ወጥተዋል።

ራሱ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ጫማውን ያወልቃል፣ ከዚያ ሰዓቱን፣ ከዚያ ሸሚዙን፣ ከዚያ የዓለም ኢኮኖሚ ሁኔታን ያነሣል።

ምን ያድርግ? ሌሊቱ አያሳርፈውም። የእንግዶች ማኅበር ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ አንዱ ይመጣል፣ ሁልጊዜ አንዱ ይሄዳል። ለመጣው ለመምጣቱ ይጠጣለታል፣ ለሚሄደው ለመሄዱ ይጠጣለታል፤ ምን ሠርቶ ሄደ ተብሎ ሲጠጣ ግን አላየሁም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት «አንድ ብቻ» ተብሎ የተገባበት ቤት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር እየተገለበጠ ያስወጣል። አስተናጋጁ ሒሳብ ሲያመጣ ሁሉም ደረሰኝ ይጠይቃል። ጤነኛ ልማድ ነው፤ የጠጣው አንድ ሰው፣ የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን ወረቀት ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ቁርጥ ቤት ነው። ለእኛ በዓመት በዓል ይበቃል ያለንን ሥጋ፣ እሱ ጥሬውን በአዋዜና በሚጥሚጣ ያወርደዋል፤ «ባህላችሁን ማክበሬ ነው» ይላል። ባህላችንም አላሳፈረው፤ የኮሶ ትል ሰጠው። እትዬ እንደ አያቶቻቸው ሥርዓት ኮሶ ወቅጠው፣ በጥብጠው፣ በባዶ ሆዱ እንዲጠጣው ማለዳ አቀረቡለት። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ሳያማርሩ የሚጠጡት መድኃኒት ነው። እንግዳው አሸተተውና ወደ ኋላ አለ። «በአንዴ አይሆንም፤ ሆድ ይደነግጣል። በትንሽ በትንሹ፣ በምዕራፍ ተከፍሎ ይሁንልኝ። ከዚያ በፊትም ጥናት ያስፈልገዋል» አለ። እትዬ ዋንጫውን እንደያዙ፣ «ሐምሌ 2016 ለእኛ ሲሆን እኮ፣ አፍንጫችሁን ይዛችሁ በአንድ ትንፋሽ ጨልጡት፣ ሲነጋ ይሻላችኋል ብለውን ነበር» አሉት። እሳቸው ምን እንዳስታወሱ እኔ አላውቅም፤ በዚያ ክረምት ሰፈሩ ብዙ ነገር ጠጥቷል። ጨልጠነዋልም። መንጋቱን ነው የምንጠብቀው።

አንድ ማታ አዝማሪ ቤት ይዤው ገባሁ። ካዛንቺስም ካማረባት ወዲህ አዝማሪዎቿ ተበትነው፣ ያገኘነው ሌላ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነው። ጠጁ በብርሌ ቀረበ። እንግዳው ስለ ማር ጥቅም እያስረዳኝ ሦስተኛውን ሲያነሣ፣ ባለ ማሲንቆው ፊቱ መጥቶ ቆመ። ከጥግ አንዱ «ተቀበል!» አለና ሹክ አለው፤ አዝማሪውም ተቀበለ፦

ጮማ ሳያስቆርጥ ቅቤ ሳያስገባ፣
እንግዳዬ ጌታው ዋለ በስብሰባ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንግዳው «ምን አለ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ቀኑን ሙሉ ስብሰባ የምትውል ትጉህ ሰው ነህ ነው የሚልህ» አልኩት። እጅግ ደስ ብሎት ከኪሱ አንድ ድፍን መቶ አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። አዝማሪው እጅ ነሥቶ፣ ማሲንቆውን ሁለቴ ገዝግዞ፣ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ፦

ግንባሬ ላይ አርፎ አምሮ የነበረ፣
ገበያ ስወጣ ብር ብሎ ቀረ።

በዚህኛው የሳቀው ሰው ጥቂት ነው። «ስለ ወፍ ነው» አልኩት። ወፍ እንደሚወድ ነገረኝና ለወፉ ሌላ መቶ ጨመረ።

ሚዛኑ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየም። አንድ ሰኞ ማለዳ ቁጥሩን አይቶ፣ «ይህ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ለዘበኛው ሰጠው። ዘበኛው ለልጅ ልጁ ሰጠው። ልጁ መድኃኔዓለም አጠገብ አስፋልት ዳር ዘርግቶት አላፊ አግዳሚውን በሳንቲም እየመዘነ ደብተሩን ይገዛበታል። የእንግዳው ውል ደግሞ፣ ባስገኘው ውጤት ምክንያት፣ ታደሰለት። የእድሳቱ ግብዣ ሁለት ሌሊት ፈጅቶ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ሲያልፍ፣ ልጁ «ሚዛን! ክብደትዎን ይወቁ!» ብሎ ጠራው። ሚዛኑን ሳያስተውለው ወጣበት። ወረደ። ደግሞ ወጣበት።

«ይሄ አይሠራም» አለ።

ልጁ እጁን ዘርግቶ፣ «አያቴን ሲመዝን ደህና ነበር እኮ፣ ሚስተር። ሁለቴ ነው የወጡት፤ የሁለት ይክፈሉ» አለው።